የማን እጅ ዐረፈ? ከድንጋይ ወፍጮ እስከ ኤሌክትሪክ ምጣድ

በኢትዮጵያ ደጋ አንዲት ሴት ለቤተሰቧ የሚበቃ ዱቄት ለመፍጨት ጎህ ሳይቀድ ትነሣ ነበር። ወፍጮው በጭቃና በድንጋይ መደብ ላይ ዘንበል ተደርጎ የተተከለ ሰፊ ድንጋይ ነው። እሷ በከፍታው በኩል ጎንበስ ብላ፣ መጁን (ከላይ የሚገፋውን ድንጋይ) በሁለት እጇ ይዛ፣ የሰውነቷን ክብደት እየጣለችበት ወደ ፊት ትገፋዋለች፤ መልሳም ትስበዋለች። እህሉ መጀመሪያ ይሸረከታል፤ ደጋግማ ስትመልሰው ይልማል፤ ከዚያ ተነፍቶ ያልደቀቀው እንደገና ወደ ድንጋዩ ይመለሳል። ወፍጮው በሥራ ብዛት ሲለሰልስ እህሉን መያዝ ስለሚያቅተው በየጊዜው መወቀር አለበት፤ አዲስ በተወቀረ ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት ደግሞ አሸዋ አይጠፋውም። በአክሱም አካባቢ ከተቆፈሩ ጥንታዊ ሰፈሮች የወጡት የወፍጮ ድንጋዮች የሚመሰክሩት ይህንኑ ሥራ ነው። በሺህ ዓመታት ውስጥ ነገሥታት ተለዋውጠዋል፣ ዋና ከተሞች ከቦታ ቦታ ተዛውረዋል፤ የመጁ እንቅስቃሴ ግን ብዙም አልተለወጠም።

ስለ ማእድ ቤት መሣሪያ ሲነሣ ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚያጠነጥነው በፍጥነትና በጣዕም ላይ ነው። አንዱ ማሽን ጊዜ ይቆጥባል ይላል፤ ሌላው የእጅ ሥራ የሚሰጠውን ለዛ ማሽን አይሰጥም ይላል። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው፤ ሆኖም ዋናውን ጥያቄ ሳያነሡት ያልፋሉ። ማሽን በጥቅሉ «እጅን» ተክቶ አያውቅም፤ የተካው የአንድን የተወሰነ ሰው እጅ ነው። ያ ሰው ማን እንደነበረ፣ የማዘዝ ሥልጣን የነበረው ማን እንደሆነ፣ ማሽኑ ከገባ በኋላስ ለዚያ ሰው ምን እንደተረፈው ካልታየ፣ አንዱ መሣሪያ ለምን በአሥር ዓመት አገር እንዳዳረሰ፣ ሌላው ለምን መቶ ዓመት በር ላይ ቆሞ እንደቀረ ማስረዳት አይቻልም።

ለዚህ የመጀመሪያው ማስረጃ ከሸዋ ይገኛል። በ1840ዎቹ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በሚገዙት አገር በውሃ ኃይል የሚዞር ወፍጮ ተሠርቶ እንደነበር፣ ካህናቱም የሰይጣን ሥራ ነው ብለው ስላወገዙት ሥራ እንዳቆመ በዘመኑ አገሩን ያዩ አውሮፓውያን ጽፈዋል። ታሪኩ አዲስ ነገርን የመፍራት ምሳሌ ሆኖ ይነገራል። እኔ ግን ከፍርሃቱ ይልቅ የወሳኞቹ ማንነት የበለጠ ይናገራል ባይ ነኝ። ወፍጮውን ያሠራው ወገንም ያወገዘው ወገንም መጅ ላይ የሚያጎነብስ አልነበረም። ዱቄቱ የሚፈጨው በቤቱ ሴቶች፣ በትልልቅ ቤቶች ደግሞ በባሪያዎች ነበር። ማሽኑ ሲቀር ዋጋውን የሚከፍሉት እነዚህ ሰዎች በውሳኔው ላይ ድምፅ አልነበራቸውም፤ ወሳኞቹ ደግሞ ዱቄቱ እንደ ወትሮው ስለሚቀርብላቸው ያጡት ነገር አልነበረም። ጉልበት በትእዛዝ በሚገኝበት ቤት ማሽን አንገብጋቢ አይሆንም።

ይህ ጉልበት እስከ ምዕተ ዓመቱ መጨረሻ የመንግሥትም የጦርነትም መሠረት ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ግብር ሲያበሉ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመገብ ነበር፤ ከአዳራሹ ጀርባ ያንን ሁሉ እንጀራ የሚያቀርቡ ፈጪዎችና ጋጋሪዎች በብዛት ይሠሩ ነበር። በ1896 ወደ ዐድዋ የዘመተውን ሠራዊት ስንቅ የሚፈጩ፣ እንጀራ የሚጋግሩ፣ ውሃና እንጨት የሚቀዱና የሚለቅሙ ሴቶች አብረውት ዘምተዋል። ያ ሠራዊት ዛሬ የጦር ክፍሎች እንዳላቸው ዓይነት የስንቅ መምሪያ አልነበረውም፤ የስንቁ መምሪያ የእነዚህ ሴቶች ክንድ ነበር። የድሉ ታሪክ ሲጻፍ መድፉና ጠመንጃው በዓይነትና በቁጥር ይዘረዘራል፤ ወፍጮው ግን እምብዛም አይጠቀስም።

በተመሳሳይ ዘመንና ከዚያም ቀደም ብሎ በአውሮፓና በአሜሪካ ማእድ ቤቶች የነበረው ሁኔታ በመልኩ ቢለይም በመሠረቱ አንድ ነበር። ሐና ግላስ በ1747 ለንደን ላይ ያሳተመችው ታዋቂ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አንድን ኬክ ለማዘጋጀት ሊጡ በእጅ ወይም በትልቅ የእንጨት ማንኪያ ለአንድ ሰዓት እንዲመታ ያዝዛል። ለአንድ ኬክ አንድ ሰዓት ማዘዝ የሚቻለው የሚመታው ሌላ ሰው ሲሆን ነው፤ ደራሲዋም መጽሐፉን የጻፈችው ለቤት ሠራተኞች ማስተማሪያ እንዲሆን መሆኑን በመግቢያው ተናግራለች። መዘውሩ ሲሽከረከር የሚመታው የእንቁላል መምቻ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የፈጠራ መብት ያገኘው በ1856 ነው፤ በ1870 ደግሞ ዶቨር በሚል ስም የታወቀው ዓይነት ወጥቶ በየቤቱ ገባ። ይህ ኤሌክትሪክ የማይፈልግ፣ በጥርስ የተያያዙ ጥቂት ብረቶች ያሉት የእጅ መሣሪያ ነው። ሥራውን በእርግጥ ያቀልላል። የታሪክ ተመራማሪዋ ሩት ሽዋርትዝ ካወን በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳመለከተችው ግን፣ እንቁላል መምታት ሲቀል የእንቁላል ነጩና አስኳሉ ተለይተው የሚመቱበት ኬክ ተወዳጅ ሆነ። መምቻው ያተረፈውን ድካም አዲሱ ኬክ መልሶ ወሰደው።

ኤሌክትሪክ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። በኦሃዮ ግዛት፣ ትሮይ ከተማ፣ የሆባርት ኩባንያ መሐንዲስ የነበረው ኸርበርት ጆንስተን በ1908 አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሊጥ በብረት ማንኪያ ሲያቦካ አይቶ ሥራውን በሞተር ለመሥራት እንዳሰበ ይነገራል። ኩባንያው መጀመሪያ ለዳቦ ቤቶች፣ በ1919 ደግሞ ኪችንኤይድ በሚል ስም ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ሚክሰር አወጣ። የቤቱ ሞዴል ወደ ሠላሳ ኪሎ የሚመዝን ሲሆን ዋጋው 189 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር፤ ያን ጊዜ ይህ ተራ ቤተሰብ የማይደፍረው ገንዘብ ነው። በ1937 ኤግመንት አሬንስ የነደፈው ቀለል ያለ ሞዴል በ55 ዶላር ወጣ። በእነዚህ ዓመታት መካከል በአሜሪካ ቤቶች አንድ ትልቅ ለውጥ ተካሂዷል፦ ተቀጥሮ በቤት ውስጥ የሚያገለግል ሰው እየቀነሰ ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወጣት ሴቶች ፋብሪካና ቢሮ መረጡ፤ በ1921 እና በ1924 የወጡት ሕጎች ደግሞ ከአውሮፓ የሚመጣውን ስደተኛ ገደቡ። ሚክሰሩ በመካከለኛው መደብ ቤት የገባው የወጥ ቤት ሠራተኛዋ በለቀቀችው ቦታ ነው። የቤቱ እመቤት ሥራ ስለቀለለላት አልገዛችውም፤ ሥራው በእሷ ላይ ስለወደቀ ነው የገዛችው።

ለዚህ አባባል ጠንካራ የሚባል መቃወሚያ አለ። ጆአን ቫኔክ በ1974 ባወጣችው ጥናት፣ ውጭ ወጥተው የማይሠሩ አሜሪካውያን የቤት እመቤቶች በ1920ዎቹ በሳምንት 52 ሰዓት ያህል በቤት ሥራ ያሳልፉ እንደነበር፣ በ1960ዎቹ ደግሞ 55 ሰዓት እንደሆነ አሳየች። በመካከሉ የልብስ ማጠቢያው፣ ማቀዝቀዣው፣ ሚክሰሩና ብሌንደሩ ሁሉ ገብተዋል፤ ሰዓቱ ግን አልቀነሰም። እንግዲያው ማሽን ማንን አሳረፈ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ የሚለካው የእመቤቲቱን ሰዓት ብቻ ነው። ቀድሞ ከእሷ ጋር የነበሩት ቅጥረኛዋ፣ አጣቢዋ፣ ያላገባችው አክስት ከቤቱ ወጥተዋል፤ የሥራቸው ሰዓትም በዚያ ስሌት ውስጥ አይታይም። ማሽኑ የብዙ ሰዎችን ሥራ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ እንዲያርፍ አስቻለ፤ በዚያ ላይ ንጽህናውም የምግቡ ዓይነትም እየተራቀቀ ሄደ። ስለዚህ የቫኔክ ጥናት ማሽን ከንቱ መሆኑን አያሳይም። የሚያሳየው የቆጠበው ጊዜ ለማን እንደሚደርስ በማሽኑ ብቻ እንደማይወሰን ነው።

በኢትዮጵያ ይኸው ለውጥ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኮንን በ1924፣ በኋላም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1942 ባርነትን ለማስቀረት ያለሙ አዋጆች አወጡ፤ ሁለተኛው ሕጋዊ ፍጻሜውን አበጀለት። በጣሊያን ወረራ ዘመንና ከነጻነት በኋላ በከተሞች፣ ቀጥሎም በመንገድ ዳር በሚገኙ ትንንሽ ገበያዎች በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ቤት ተስፋፋ። ከማእድ ቤት ማሽኖች ሁሉ የኢትዮጵያን ሴት ሕይወት በእጅጉ የለወጠው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምንም እንኳ ማሽኑ የተተከለው በማእድ ቤቷ ውስጥ ባይሆንም። ከሰዓታት ጉንበሳ ይልቅ እህሉን ተሸክሞ ወይም በአህያ ጭኖ ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ አስፈጭቶ መመለስ ሆነ። መንገዱ ሩቅ በሆነበት ቦታ ድካሙ ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም አንድ ማዳበሪያ ጤፍ በደቂቃዎች ዱቄት ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ከሸዋው የውሃ ወፍጮ በተለየ የናፍጣው ወፍጮ ሲመጣ የሴቶቹን እግር ያስቆመ ውግዘት አልነበረም፤ መንገዱን እንደዘለቀ ራሳቸው ሄደው ተሰለፉ። ለወፍጮ ቤቱ የሚከፈለውን ሳንቲምም ከጓዳቸው አወጡ። መጅን የሚያውቅ ሰው የማሽንን ጥቅም ለማስረዳት ሰባኪ አላስፈለገውም።

ሆኖም ወፍጮ ቤቱ የወሰደው የሥራውን አንድ ደረጃ ብቻ ነው። የበርበሬን ዝግጅት ብናይ፣ ዛላው ይቀነጠሳል፣ ይታጠባል፣ ይሰጣል፤ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር በሙቀጫ ይደለዛል፤ እንደገና ይደርቃል፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱና ነጭ አዝሙዱ ተቆልቶ ከጨው ጋር ይቀላቀላል፤ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ወፍጮ ቤት የሚሄደው። ሲመለስም መንፋት አለ። ቀናት የፈጀ የእጅ ሥራ፣ የደቂቃዎች የማሽን ሥራ፣ ከዚያ ደግሞ የእጅ ሥራ። «በማሽን የተፈጨ በርበሬ» የሚለው አነጋገር ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። የሽሮም፣ የክክም፣ የበሶም ነገር እንዲሁ ነው።

ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ዓለምን ያጥለቀለቁት በ1950ዎቹ ነው። ፈረንሳዊው ዣን ማንትሌ በ1932 በእጅ የሚዞር የአትክልት መፍጫ ሠርቶ፣ ዋጋውን ዝቅ ባደረገ ጊዜ እጅግ ብዙ ሸጠ፤ በ1956 ደግሞ ሙሊኔክስ በሚለው ስም ርካሽ የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫ አወጣ። ኩባንያው ሙሊኔክስ ሴትን ነጻ ያወጣል እያለ ያስተዋውቅ ነበር። እንዲህ ያሉ መፍጫዎች በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ቤቶች ሲገቡ የገጠማቸው ሙቀጫው ነው፤ ሙቀጫው ደግሞ እንደ ድንጋይ ወፍጮው በቀላሉ አልለቀቀም። ለምን? ምክንያቱን ወግ ማጥበቅ ብቻ አድርጎ ማየት ስንፍና ነው። ለአንድ ጀበና የሚሆን ቡና በሙቀጫ መውቀጥ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚያጎብጥ ሸክም የለውም፤ ተቀምጠው፣ እየተጫወቱ፣ የተቆላው ቡና ሽታ ቤቱን እንደሞላው ይሠሩታል። የኤሌክትሪኩ መፍጫ እዚህ ላይ የሚያተርፈው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ሥራው ራሱም ብዙዎች ሊገላገሉት የሚሹት ዓይነት አይደለም። ድንጋይ ወፍጮው የተጣለው ሰውን ይሰብር ስለነበረ ነው፤ ሙቀጫው የቆየው ስለማይሰብር ነው።

ከዚህ ጋር የጣዕሙ ክርክር ይነሣል፤ በቅንነት ሊታይ ይገባዋል። ሙቀጫ ይጨፈልቃል፣ ምላጭ ይቆርጣል፤ ልዩነቱ ምናባዊ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ሲጨፈለቅ ሕዋሶቹ ፈርሰው ጠንካራ ሽታና ጣዕም የሚሰጠው ንጥረ ነገር ይፈጠራል፤ በቢላዋ በደንብ ከተከተፈው ይበልጥ ይበረታል። ለወጥ የሚሆን ቀይ ሽንኩርት በብሌንደር ሲፈጭ ውሃው ተለቅቆ ይላቁጣል፤ በደረቁ ሲቁላላ ያ ውሃ እስኪመጥ ብዙ ይቆያል፣ መልኩም እንደተከተፈው አይመጣም። ክትፎ በስለታም ቢላዋ ሲከተፍ ጅማቱ እየተለቀመ የሥጋው ክር ይቆረጣል፤ የሥጋ መፍጫ ግን ጅማቱንም ሥጋውንም አብሮ ይጨምቃል። በእነዚህ ላይ የእጅ መሣሪያ ደጋፊዎች ትክክል ናቸው። በቡናው ላይ ግን እጠራጠራለሁ። ምላጭ ያለው ትንሽ መፍጫም ሙቀጫም አንድ ወጥ ያልሆነ ዱቄት ነው የሚያወጡት፤ ቡናው አሁን የተቆላ መሆኑ ከመፍጫው ዓይነት ይልቅ ጣዕሙን ይወስነዋል። በጤፍ ዱቄት ላይ ደግሞ ጣዕምን ምክንያት አድርጎ ወደ መጅ እንመለስ የሚል ሰው ካለ፣ መጁን ማን እንደሚገፋ አስቀድሞ ይንገረን።

የኤሌክትሪክ ምጣዱ የዚህ ታሪክ ሁለተኛው ትልቅ ምዕራፍ ነው፤ የተወለደውም ከአገር ውስጥ ነው። የሸክላው ምጣድ ከሥሩ እየተጠማዘዘ በሚሄድ ቦይ ይፈለፈላል፤ በቦዩ ውስጥ የሚግል ሽቦ ይዘረጋል፤ ሽቦው ይለሰንና ምጣዱ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ይቀመጣል። ጥንታዊው ሸክላ ከላይ እንዳለ ነው፤ ማሰሻውም፣ የአዘጋገቡም ብልሃት፣ የዓይኑም አከፋፈት አልተለወጠም። የተለወጠው ከታች ያለው እሳት ነው። ከሦስት ጉልቻ ሥር የሚወጣው ጭስ የጋጋሪዋን ዓይንና ሳንባ ይበላ ነበር፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች በዓለም ላይ እንደሞቱ ገምቷል። እንጨቱም ከሰማይ አይወርድም፤ ከእንጦጦ ጀርባዋ እስኪጎብጥ ተሸክማ የምትወርድ ሴት አለች። ምጣዱ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት የሚደርስ ኃይል ይፈልጋል፤ ለዚህ ነው ሠፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲጋግር መስመሩ የሚጨነቀው፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሊጡ ኮምጥጦ የሚቀረው። ማሽን አስተማማኝ አይደለም የሚለው መቃወሚያ እዚህ ላይ ሙሉ ክብደት አለው። የአገራችን ቤተሰቦች መልስ ሁለቱንም መያዝ ሆኗል፤ የኤሌክትሪኩ ጥግ ላይ ይቆማል፣ የማገዶው ምድጃ ጓሮ ይጠብቃል።

ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ኢትዮጵያውያን ያገኙት ማእድ ቤት የኤሌክትሪክ ነበር፤ ምጣዳቸው ግን አልሠራበትም። የአሜሪካ ቤት ተራ ሶኬት 120 ቮልት ስለሆነ ከ1,800 ዋት በላይ አይችልም፤ የአገር ቤቱ ምጣድ ደግሞ ሁለት እጥፍ ይጠይቃል። መፍትሔው የተገኘው ማንም ካልጠበቀው ቦታ ነው። በአዮዋ ግዛት ክሬስኮ ከተማ የሚገኘው ቤተኒ የተባለ አምራች፣ ከኖርዌይ ለፈለሱ አሜሪካውያን ሌፍሰ የሚባለውን ስስ የድንች ቂጣ መጋገሪያ ጠፍጣፋ ክብ ምጣድ ይሠራ ነበር። ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የሐበሻ ቤተሰቦች ይህን ምጣድ እየገዙ እንጀራ ጋገሩበት፤ የእንጀራው ስፋት አነሰ እንጂ ዓይኑ ወጣ። በእነዚያ ቤቶች ቅጥረኛ አልነበረም፤ የሚከትፈውም የሚጋግረውም ከሥራ ፈረቃ የተመለሰው ሰው ራሱ ነው። ሽንኩርት በፉድ ፕሮሰሰር የሚከተፈው፣ ሊጥ በሚክሰር የሚቦካው፣ ወንዶችም ምጣድ ዳር የሚቆሙት ለዚህ ነው። ስለ ለዛ ከአገር ቤት የሚሰነዘረው ትችት ይህን ሳያውቅ የሚሰነዘር ነው።

የተገላቢጦሹን ማየት የሚፈልግ ወደ ቤይሩትና ወደ ሪያድ ማእድ ቤቶች ይመልከት። ብሌንደሩም፣ የሥጋ መፍጫውም፣ የዕቃ ማጠቢያ ማሽኑም አለ፤ በመካከላቸው ግን ከወሎ ወይም ከጅማ የሄደች ወጣት ቆማለች። የመኖሪያ ፈቃዷ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ማሽን ብቻውን እጅን ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ማሽን የሞላባቸው እነዚህ ቤቶች እሷን ባልፈለጓት ነበር። የማሽኑ ብዛት የምትሠራውን አላሳነሰውም፤ ከአንድ ዓይነት ወጥ ይልቅ አምስት ዓይነት እንዲቀርብ አስቻለ እንጂ። ይህ ስለ ውጭ አገር ብቻ አይደለም። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 በዓለም ላይ 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች እንዳሉ አስታውቋል፤ ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። በ2019 የወጣው የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ደግሞ ለቤት አገልግሎት የተቀጠሩትን ከአዋጁ ወሰን ውጭ አድርጓል፤ የሥራ ሰዓታቸውም የዕረፍት ቀናቸውም በዚያ አዋጅ አይዳኝም። በአዲስ አበባ ብዙ ቤት ብሌንደር የማይገዛው ሽንኩርቱን የምትከትፈው ልጅ ደመወዝ ትንሽ ስለሆነ ነው። ይህን ጮክ ብሎ የሚናገር ጥቂት ነው፤ ሒሳቡ ግን ይህ ነው።

ስለዚህ ማእድ ቤት ውስጥ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባው የትኛው መሣሪያ ነው ቢባል፣ መልሴ በሱቅ መስኮት ከሚደረደሩት መካከል አይደለም። ሙቀጫና ቢላዋ በቦታቸው ቢቆዩ የሚጎዱት ሰው የለም፤ ቢላዋው ይሳል፣ መክተፊያው ከፍ ባለ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ። ወፍጮ ቤት ያልደረሰበት ቀበሌ ግን ዛሬም አለ፤ እዚያ አንድ የኤሌክትሪክ ወፍጮ መትከል መቶ ብሌንደር ከማደል ይበልጣል። ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ምጣዱ ነው፤ ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚወስደው እንጀራ መጋገር ነውና። የሕዳሴው ግድብ በሴፕቴምበር 2025 ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም ይዞ ተመርቋል። ያ ኃይል በገጠር መስመር ወደ ጓዳ ደርሶ 4 ኪሎ ዋት የሚስብ ምጣድ እንዲሸከም ትራንስፎርመሩም፣ ሽቦውም፣ የቤተሰቡ አቅምም መሟላት አለበት፤ ትንሽ ኃይል የሚበላ ምጣድ የሚሠሩት የአገር ውስጥ ባለሙያዎችም እገዛ ይሻሉ። ጤፍ የሚፈጨው በማሽን ሆኖ እንጀራ በእንጨት ጭስ በሚጋገርበት ቤት፣ ከድንጋይ ወፍጮ የተገላገለችው ሴት ከጉልቻው ገና አልተገላገለችም።